«ቻርጅ»፦ በሬው ሲንደረደር፣ ሆስፒታሉ ሲያስከፍል፣ ዐቃቤ ሕጉ ሲከስ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ የእንግሊዝኛ ግስ ላይ ያረፉ ናቸው። ቃሉ ከአፋችን አይጠፋም፤ ስልካችንን «ቻርጅ» እናደርጋለን፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ «የክስ ቻርጅ» ደረሰኝ እንላለን። ነገር ግን ግሱ በመማሪያ መጽሐፍ፣ በሐኪም ቤት ደብዳቤ ወይም በመንግሥት ቅጽ ላይ ሲመጣ ብዙ ሰው ያደናግራል። መልሶቹን እንደ ጥያቄዎቹ ክብደት አስረዝመናል፣ አሳጥረናልም።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በእንግሊዝኛ ምንባባችን ውስጥ «ዘ ቡል ቻርጅድ አት ዘ ፋርመር» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። መዝገበ ቃላቴ መጀመሪያ የሚሰጠው ፍቺ «አስከፈለ» ስለሆነ «በሬው ገበሬውን አስከፈለው» ብዬ ጻፍኩና ስሕተት ተባልኩ። «በሬው ገበሬውን ወጋው» ያለው ጓደኛዬም ነጥብ አላገኘም። ትክክለኛው የትኛው ነው?
(ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ያንተ ስሕተት መዝገበ ቃላቱን እስከ መጨረሻው አለማንበብ ነው፤ በአንድ ቃል ሥር አምስትና ስድስት ፍቺ ሲደረደር የመጀመሪያውን አንሥቶ መሄድ አያዋጣም። የጓደኛህ ስሕተት ግን ረቀቅ ያለ ነው። «ቻርጅ» የማጥቃት ፍቺ ሲኖረው የሚነግረን ስለ ሩጫው ነው፣ ስለ ምቱ አይደለም። በሬው ከርቀት ተነሥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በቀጥታ ወደ ገበሬው ሮጧል። ደርሶ ይውጋው ወይስ ገበሬው አጥር ዘሎ ያምልጥ፣ ግሱ ዝም ይላል። ስለዚህ «በሬው ወደ ገበሬው ተንደረደረ» ወይም «በሬው ተንደርድሮ መጣበት» ብትል ልክ ነህ። በቀንድ መውጋትን ለመናገር እንግሊዝኛው «ጎር» የሚል ሌላ ግስ አለው።

ነገሩ በዝሆን ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ዝሆን ብዙ ጊዜ የሚንደረደረው ለማስፈራራት ነው፤ ጆሮውን ዘርግቶ፣ አቧራ እያስነሣ፣ እየጮኸ ይመጣና ጥቂት ሜትር ሲቀረው ይቆማል። ይህ «ሞክ ቻርጅ» ይባላል። ከልቡ ሲመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ ኩምቢውን ወደ ውስጥ ጠቅልሎ ነው። ሁለቱም «ቻርጅ» ናቸው፤ በመጀመሪያው ግን ማንም አልተነካም። «መታው» ወይም «ወጋው» ብለህ ብትተረጉም ያልሆነውን ሆነ ማለትህ ነው።

ቃሉ ሦስት ነገር አንድ ላይ ይፈልጋል፦ ርቀት፣ ፍጥነትና ቀጥታ መስመር። ከጠረጴዛ ሥር ተኝቶ የሚነክስ ውሻ ቻርጅ አላደረገም። እባብ ነደፈ እንጂ ቻርጅ አላደረገም። ከሩቅ አነጣጥሮ የሚተኩስም እንዲሁ። ጎሽ፣ አውራሪስ፣ አንበሳ፣ ፈረሰኛ ጦርና ሳንጃ የሰካ እግረኛ ወታደር ግን የዚህ ግስ ባለቤቶች ናቸው። አዛዡ «ቻርጅ!» ብሎ ሲጮህ በአማርኛ የሚቀርበው «በለው!» ነው፤ «አጥቃ!» ብለህ ብትተረጉመው ትዕዛዙ የቢሮ ደብዳቤ ይመስላል።

ጎረቤት የሆኑት ቃላትም ይለያሉ። «አታክ» ሰፊው ነው፤ በቃልም በእጅም በመሣሪያም የሚደረግ ጥቃትን ሁሉ ያቅፋል። «ስቶርም» ምሽግን ወይም ሕንጻን ሰብሮ መግባት ነው፣ ስለዚህ ግብ ላይ መድረስን ይጠይቃል። «ሬይድ» ድንገት ገብቶ፣ የሚፈልገውን ይዞ ወይም አጥፍቶ መውጣት ነው። «አምቡሽ» አድፍጦ መጠበቅ ስለሆነ ከ«ቻርጅ» ጋር ፊትና ጀርባ ነው፤ አንዱ ተደብቆ ይጠብቃል፣ ሌላው እየታየ ይሮጣል።

አሁን ወደ ትንሿ ቃል እንምጣ። «ቻርጅድ አት» ስትል አቅጣጫውን ታጎላለህ። «አት»ን ትተህ «ዘ ሶልጀርስ ቻርጅድ ዘ ሂል» ስትል ደግሞ ኮረብታው የጥቃቱ ዒላማ ይሆናል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። «ቻርጅድ ኢንቱ ዘ ሩም» ካልክ ግን ጠላት ላይኖር ይችላል፤ ልጁ ክፍሉ ውስጥ በሩጫ ዘው አለ ማለት ብቻ ነው። ፈተና ላይ «ኢንቱ» እና «አት»ን ለይተህ ካየህ ግማሹን መልስ አግኝተሃል።

በስም መልክ ሲመጣም ስለ ውጤቱ አይነግርህም። በክሪሚያ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1854፣ ባላክላቫ ላይ 670 ገደማ የእንግሊዝ ቀላል ፈረሰኞች በተዛባ ትዕዛዝ ምክንያት በሸለቆ ውስጥ በፊትና በጎን በተደገኑ የሩሲያ መድፎች ላይ ጋለቡ። ከ100 በላይ ሞቱ፤ የያዙትንም ቦታ ለቀው ተመለሱ። ታሪክ ግን ያንን ግልቢያ እስከ ዛሬ «ቻርጅ» ብሎ ይጠራዋል፤ ስሙን ያገኘው ከሩጫው እንጂ ከድሉ አይደለምና።

ስፖርት ከወደድህ ቃሉን እዚያም ታገኘዋለህ። በእግር ኳስ ሕግ 12ኛው ክፍል ተጋጣሚን በግዴለሽነት ወይም ከልክ ባለፈ ኃይል «ቻርጅ» ማድረግ ቀጥታ ቅጣት ምት ያሰጣል፤ ኳሷን ለማግኘት በልክ ትከሻ ለትከሻ መገፋፋት ግን ይፈቀዳል። በቅርጫት ኳስ ደግሞ «ቻርጅ» የአጥቂው ጥፋት ነው፦ ቀድሞ ቦታውን ይዞ የቆመ ተከላካይ ደረት ላይ ኳስ የያዘው ሲጋጭ ይፏጫል። ተከላካዩ ዘግይቶ መንገድ ውስጥ ከገባ ጥፋቱ የሱ ይሆናል፣ ስሙም «ብሎኪንግ» ነው።

ጥያቄ፦ እንዴት አንድ ቃል ማጥቃትም፣ ማስከፈልም፣ መክሰስም፣ ባትሪ መሙላትም ይሆናል? የሚያገናኘው ነገር አለ ወይስ ድምፁ ብቻ ነው የተገጣጠመው?
(መምህርት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አንድ ሥር ነው፣ እርስዎም በአማርኛ በቀላሉ ሊያስተምሩት ይችላሉ። በላቲን «ካሩስ» ሠረገላ ነው። ከሱ «ካሪካሬ» ወጣ፣ ሠረገላ ላይ መጫን ማለት ነው። ወደ ድሮው ፈረንሳይኛ «ሻርዤ» ለሚለው ግስ አለፈ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ስለዚህ የሁሉም ፍቺ መነሻ «ጫነ» ነው። «ካርጎ» የሚለውም ቃል ከዚሁ ዘር ነው፤ የመኪና ስም የሆነው «ካር»ም እንዲሁ። «ካሪካቸር» እንኳ በጣሊያንኛ «የተጫነበት» ማለት ነው፤ አፍንጫው፣ ጆሮው፣ አገጩ ከልክ በላይ የተጫነበት ሥዕል።

አማርኛችን ይህን ምስል ያውቀዋል። ዕዳ ይጫናል፣ ግብር ይጫናል፣ ኃላፊነት በሰው ትከሻ ላይ ይጫናል፤ «ጫና» የሚለውን ቃል የምንጠቀመውም ለዚያ ነው። እንግሊዝኛው ደግሞ ይህንኑ አራዝሞታል። ገንዘብ ሲጫንብን ክፍያ ነው። ጥፋት ሲጫንብን ክስ ነው። ሥራ ሲጫንብን አደራ ነው። ጠመንጃና መድፍ ውስጥ ባሩድ ሲጫንም «ቻርጅ» ይባል ነበር። እዚህ ላይ ግን አማርኛ መንገዱን ይለያል፤ እኛ ጠመንጃን እናጎርሳለን፣ አንጭነውም።

ከባሩዱ ወደ ኤሌክትሪክ የሚወስደው ድልድይ ለተማሪዎችዎ ሳይስባቸው አይቀርም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ የመስታወት ማሰሮዎችን ሲያጠና ስለነሱ የተናገረው በመድፈኞች ቋንቋ ነው። ማሰሮው ሲሞላ «ቻርጅ» ሆነ፣ ሲለቅ «ዲስቻርጅ» ሆነ፣ በረድፍ የተደረደሩት ማሰሮዎች ደግሞ እንደ መድፍ ረድፍ «ባትሪ» ተባሉ። ዛሬ በየኪሳችን የምንይዘው ባትሪ ስሙን ያገኘው ከጦር ሜዳ ነው። በፊዚክስ አማርኛ «ሙል» የሚለው ቃል ለኤሌክትሪክ «ቻርጅ» መግባቱ ለምስሉ የተስማማ ነው፤ ከ«ሞላ» የወጣ ስለሆነ ተማሪው ሳይነገረው ይረዳዋል።

ማጥቃቱስ? በዘመነ ፈረሰኛ ጦርን ለመውጋት ዝቅ አድርጎ ማስተካከልም «ቻርጅ» ይባል ነበር፤ ኋላም የእግረኛውን ሳንጃ ወደ ፊት መደገን በዚሁ ግስ ተጠርቷል። በክፍል ውስጥ ለማስታወስ ግን የሚቀለው ክብደቱን ማሰብ ነው፦ ፈረሰኛው የፈረሱን፣ የራሱንና የጦሩን ክብደት አንድ ላይ ጠላት ላይ ይጭናል።

ለተማሪዎችዎ አንድ መልመጃ ይስጧቸው። ግሱ ያለበትን ዓረፍተ ነገር አቅርበው «ማን ጫነ? ምን ጫነ? በማን ላይ?» ብለው ይጠይቋቸው፤ ቀጥሎ ትንሿን መስተዋድድ ያስከብቧቸው። «አት» ከሆነ ሩጫ ነው። «ፎር» ከሆነ ክፍያ ነው። «ዊዝ» ከሆነ ክስ ወይም አደራ ነው። «ቱ» ከሆነ ሒሳቡ የሚመዘገብበት ቦታ ነው። «ኢን ቻርጅ ኦፍ» ከሆነ ኃላፊነት ነው። ከዚህ የሚወጣ አጠቃቀም ያጋጥማቸዋል፣ ግን ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ሆስፒታል ሁለት ቀን ተኝቼ ከወጣሁ በኋላ ደብዳቤ መጣልኝ። ላዩ ላይ «ቶታል ቻርጅስ» ብሎ ብዙ ገንዘብ ጽፏል። ደንግጬ ልክፈል ብል ልጄ «ቆይ እማ፣ ይሄ ቢል አይደለም» አለችኝ። ባንክም ደውዬ ስለ ካርዴ ስጠይቅ «ፔንዲንግ ቻርጅ» አለ ይሉኛል። አልገባኝም።
(እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት። በአሜሪካ የሕክምና ወረቀት ላይ «ቻርጅስ» ማለት ሆስፒታሉ ለአገልግሎቱ ያወጣው ሙሉ ዋጋ ነው እንጂ እርስዎ የሚከፍሉት አይደለም። ከኢንሹራንስ ድርጅቱ የሚመጣው ማብራሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ዚስ ኢዝ ኖት ኤ ቢል» (ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም) የሚል መስመር አለ፤ መጀመሪያ እሱን ይፈልጉ። ከዚያ ዓይንዎን ወደ ታች ያውርዱ። «አድጀስትመንት» ወይም «ዲስካውንት» የሚለው ኢንሹራንሱና ሆስፒታሉ በተዋዋሉት መሠረት የሚቀነሰው ነው። «ኢንሹራንስ ፔይድ» የሚለው ኢንሹራንሱ የከፈለው ነው። የእርስዎ ድርሻ «ፔሸንት ሪስፖንሲቢሊቲ» ወይም «አማውንት ዩ ሜይ ኦው» በሚለው ሥር ይገኛል።

በቁጥር እንየው። «ቻርጅስ» 1,800 ዶላር ቢሆን፣ ቅናሹ 1,150፣ ኢንሹራንሱ የከፈለው 520 ቢሆን፣ ለእርስዎ የቀረው 130 ዶላር ነው። ያንንም የሚከፍሉት ከሆስፒታሉ ራሱን የቻለ «ቢል» ሲመጣና ቁጥሩ ከማብራሪያው ጋር ሲገጥም ነው። ካልገጠመ ለሆስፒታሉ የሒሳብ ክፍል ይደውሉና «አይተማይዝድ ቢል» ይጠይቁ፤ እያንዳንዱ መድኃኒትና ምርመራ በየመስመሩ ተዘርዝሮ ይመጣል። ተደጋግሞ የተጻፈ፣ ያልተደረገ ምርመራ፣ የሌላ ቀን ሒሳብ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ለመክፈል አቅም ካጠረዎት ደግሞ «ፋይናንሻል አሲስታንስ» ብለው ይጠይቁ፤ ከግብር ነፃ የሆኑ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች በጽሑፍ የተቀመጠ የድጋፍ ደንብ እንዲኖራቸው የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል።

«ፔንዲንግ ቻርጅ» የሚባለው ደግሞ ነጋዴው ለጊዜው የያዘው እንጂ ገና ያልወሰደው ገንዘብ ነው። ቤንዚን ማደያ ካርድ ሲያስገቡ 40 ዶላር ቀድተው እስከ 175 ዶላር ተይዞ ሊታይ ይችላል፤ ሆቴልም እንዲሁ ያደርጋል። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትክክለኛው ሒሳብ ገብቶ የተያዘው ይለቀቃል። ከባንክ ሒሳብዎ በቀጥታ በሚቀንስ ካርድ ከሆነ ግን የተያዘው ገንዘብ እስኪለቀቅ አይንቀሳቀስልዎትም፣ ስለዚህ የቤት ኪራይ በሚከፍሉበት ሰሞን ይጠንቀቁ።

የማያውቁት «ቻርጅ» በክሬዲት ካርድዎ ላይ ካዩ የሚሉት «አይ ዋንት ቱ ዲስፒዩት ዚስ ቻርጅ» (ይህን ሒሳብ እቃወማለሁ) ነው። ወዲያው ይደውሉ፣ በጽሑፍም ያሳውቁ፤ ሕጉ የሚሰጥዎት ጊዜ ስሕተቱ ያለበት መግለጫ ከተላከ በኋላ 60 ቀን ነው።

ስለ ሰዋስዉም አንድ ነገር፦ «ቻርጅ ፍሮም ሚ» አይባልም። ከኔ ወሰዱ የሚለውን አማርኛ ተከትለን ነው «ፍሮም» የምንጨምረው። ትክክለኛው አደራደር «ዜይ ቻርጅድ ሚ ትዌንቲ ዶላርስ ፎር ዚስ» ነው፦ መጀመሪያ ከፋዩ፣ ቀጥሎ ገንዘቡ፣ መጨረሻ ላይ በ«ፎር» የተገዛው ነገር። «ቻርጅ ኢት ቱ ማይ ካርድ» ሲሉ ደግሞ ካርዱ ላይ መዝግቡልኝ ማለት ነው።

አገር ቤት ለሚጠይቁንም፣ በትልልቅ ሆቴሎች ደረሰኝ ላይ የሚታየው «ሰርቪስ ቻርጅ» የአገልግሎት ክፍያ ነው። ምግቡ 1,000 ብር ከሆነ 10 በመቶ አገልግሎት ሲጨመር 1,100 ይሆናል፤ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በዚህ ላይ ሲሰላ 165 ብር ነው፤ የሚከፈለው 1,265 ብር። ብዙ ሰው 25 በመቶ ብቻ ደምሮ 1,250 ይጠብቃል፤ 15 ብሩ የመጣው ታክሱ አገልግሎቱም ላይ ስለሚሰላ ነው።

ጥያቄ፦ ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ሰው ጋር ተጋጭቼ ፖሊስ ይዞኝ ነበር። ወረቀቱ «ቻርጅድ ዊዝ አሶልት ኤንድ ባተሪ» ይላል። ነገሩ ፍርድ ቤት ሄዶ ቀረ። አሁን ለዜግነት ላመለክት ነው። አልተፈረደብኝምና ቅጹ ላይ «ኖ» ብል ልክ ነኝ?
(አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ልክ አይሆኑም፣ ጉዳዩም ከቃል ትርጉም በላይ ስለሆነ ሳይቸኩሉ ያንብቡት። «አሬስትድ» ተያዘ፣ «ቻርጅድ» ተከሰሰ፣ «ኮንቪክትድ» ጥፋተኛ ተባለ። ሦስቱ የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን 400 የሚባለው ቅጽ፣ ስለ ፍርድ ብቻ አይጠይቅም፤ ስለ መያዝና ስለ መከሰስም ይጠይቃል፣ ያውም «ኤቨር» ብሎ፣ በሕይወትዎ ዘመን አንድም ጊዜ ማለት ነው። ክሱ ቢነሣም፣ መዝገቡ ቢዘጋም፣ ተይዘው ተከሰው ስለነበር መልስዎ «የስ» ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው በድሮው ጠብ ሳይሆን «ኖ» ብሎ በመጻፉ ነው፤ የጣት አሻራው ሲመረመር መያዙ ይወጣል፣ ያኔ ጥያቄው ለምን ዋሸህ ወደሚለው ይዞራል።

ከማመልከትዎ በፊት ጉዳዩ ታይቶበት ወደነበረው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ዘንድ ሄደው የ«ዲስፖዚሽን» ማኅተም ያለበት ቅጂ ይጠይቁ። ጉዳዩ እንዴት እንደተቋጨ የሚያሳየው ወረቀት እሱ ነው። በቨርጂኒያ ሁለት ቃል ይለዩ። «ዲስሚስድ» የሚል ከሆነ ፍርድ ቤቱ ዘግቶታል። «ኖሊ ፕሮሴኩዋይ» ወይም በአጭሩ «ኖል ፕሮስ» የሚል ከሆነ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አንሥቶታል፤ ይህ በነፃ መለቀቅ አይደለም፣ ዐቃቤ ሕጉ እንደገና ሊያመጣው የሚችልበት መንገድ አለ። ወረቀቱን ይዘው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ፣ ከዚያ በኋላ ያመልክቱ።

አሁን ወደ ክሱ ስም። በድሮው የእንግሊዝ ሕግ «አሶልት» ሰው አሁኑኑ ልመታ ነው ብሎ እንዲሰጋ ማድረግ ወይም ለመምታት መሞከር ነው፤ «ባተሪ» ደግሞ መንካቱ፣ መምታቱ ራሱ። ቡጢ ሰንዝሮ መሳት የመጀመሪያው ነው፤ ቡጢው ሲያርፍ ሁለተኛው ይጨመራል። በካሊፎርኒያ ዛሬም በተለያየ አንቀጽ ተቀምጠዋል፣ 240 እና 242። በቨርጂኒያ አንቀጽ 18.2-57 ተራው ድርጊት ክፍል 1 ቀላል ወንጀል ሲሆን ጣሪያው 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ነው። እንደ ኒው ዮርክ ያሉ ግዛቶች ደግሞ መምታቱን ራሱን «አሶልት» ይሉታል። ስለዚህ አንዱ ግዛት ውስጥ የሰሙትን ፍቺ ሌላው ላይ አይጫኑ።

መስተዋድዱ እዚህም ይወስናል፦ «ቻርጅድ ዊዝ» እንላለን፣ «አኪውዝድ ኦፍ» እንላለን። ጎረቤትም «አኪውዝ» ሊያደርግ ይችላል፤ በወንጀል «ቻርጅ» የሚያደርግ ግን የመንግሥት ሥልጣን ያለው አካል ነው። «ፕሬስ ቻርጅስ» የሚለው አነጋገር ተበዳዩ ክሱን የያዘው ያስመስላል፤ በተግባር ግን ተበዳዩ ያመለክታል፣ ይመሰክራል፣ ክሱን የሚቀጥለውም የሚያነሣውም ዐቃቤ ሕግ ነው። «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ክሱን ትቼዋለሁ» ስላለ ብቻ ጉዳዩ አያበቃም፤ በሽምግልና የታረቁ ወገኖቻችን በቀጠሮው ቀን ሳይቀርቡ የሚቀሩትና የመያዣ ትዕዛዝ የሚወጣባቸው ይህ ስለማይታወቅ ነው። ታረቁም አልታረቁም በቀጠሮው ቀን መቅረብ ግድ ነው።

«የክስ ቻርጅ» ስለሚባለው የአገር ቤት አነጋገርም ለሚጠይቁን፣ «ቻርጅ» ራሱ ክስ ስለሆነ ቃሉ ሁለት ጊዜ ተደግሟል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ክስ የሚያዘጋጀው ዐቃቤ ሕግ እንደሆነ ሲደነግግ «ክስ» የሚለው ቃል በቅቶታል፤ ለወረቀቱም «የክስ ጽሑፍ» ይበቃል ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ ጀምሬአለሁ። «ሁ ኢዝ ኢን ቻርጅ?»፣ «ቻርጅ ነርስ»፣ «ዲስቻርጅ» ሲሉ እደናገራለሁ። አንድ ቀን «ኤኒ ዲስቻርጅ?» ብላ ጠይቃኝ የሚወጣ ታካሚ ያለ መስሎኝ «ኖ» አልኳት፤ ለካ የምትጠይቀው ስለ ቁስሉ ነበር።
(አንባቢ፣ ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ «ቻርጅ ነርስ» በዚያ ፈረቃ ክፍሉን የሚመራው ነርስ ነው፤ ከሒሳብ ጋር አይገናኝም። አልጋ የሚደለድለው፣ ችግር ሲኖር መጀመሪያ የሚነገረው እሱ ነው። «ሁ ኢዝ ኢን ቻርጅ?» ሲሉ ኃላፊው ማነው ማለታቸው ነው። ከዚህ ጋር የሚምታታው «ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ» ነው፤ አንዲት «ዘ» ገብታ ትርጉሙን ትገለብጠዋለች። «ሺ ኢዝ ኢን ቻርጅ ኦፍ ዘ ችልድረን» ካሉ ሴቲቱ ልጆቹን ትጠብቃለች። «ዘ ችልድረን አር ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ ኤ ነርስ» ካሉ ልጆቹ በነርሷ ጥበቃ ሥር ናቸው።

«ዲስቻርጅ» ጭነት ማራገፍ ነው፣ እንደ ቦታውም ይለያያል። ታካሚ ሲሆን ከሆስፒታል መሰናበት። ወታደር ሲሆን ከሠራዊት መሰናበት። ቁስል፣ ዓይን፣ ጆሮ ሲሆን የሚወጣው ፈሳሽ ወይም መግል። ለመለየት አነጋገሩንና ሁኔታውን ልብ ይበሉ፦ «ኤኒ ዲስቻርጅስ ቱዴይ?» ብዛት ካለውና ቀን ከተጠቀሰ ስለሚወጡ ሰዎች ነው። «ኤኒ ዲስቻርጅ?» ፋሻ እየተፈታ ሳለ ከሆነ ስለ ፈሳሹ ነው፣ መልሱም «የስ» ወይም «ኖ» ብቻ አይበቃም። መጠኑን፣ ቀለሙንና ሽታውን ይናገሩ። ንጹሕና ቀጭን ከሆነ «ክሊር»፣ ደም ከቀላቀለ «ብለዲ»፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ወፍራም ከሆነ መግል ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ለነርሷ ያሳውቁ። የተጠየቁት ካልገባዎት «ፍሮም ዘ ዉንድ?» (ከቁስሉ?) ብለው መልሰው ይጠይቁ፤ ሳይረዱ «ኖ» ከማለት ይህ ታካሚውን ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ስልኬ ሲዘጋ ለማዳሜ «ኖ ቻርጅ» ብላት ግራ ትጋባለች። ምን ልበላት?
(እህት፣ ከዱባይ)

መልስ፦ እህታችን፣ «ኖ ቻርጅ» በእንግሊዝኛ «በነፃ ነው» ማለት ነው። በአማርኛ «ቻርጅ የለኝም» ስንል ባትሪው ውስጥ የቀረውን ኃይል ማለታችን ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ያንን «ባተሪ» ይለዋል። «ማይ ባተሪ ኢዝ ሎው» ካልሽ እያለቀ ነው። «ማይ ፎን ዳይድ» ካልሽ ጠፋ። መሰካት ስትፈልጊ «ካን አይ ቻርጅ ማይ ፎን ሂር?» በይ፤ ግሱ እዚህ ላይ ቦታው ነው። ገመዱ «ቻርጀር» ነው። እናንተ ጋ «ሪቻርጅ» የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የአየር ሰዓት መሙላት ስለሆነ ሱቅ ውስጥ «ሪቻርጅ» ብትዪ ካርድ ይሰጡሻል እንጂ ሶኬት አያሳዩሽም። ሐኪም ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ለጥፎ የምታዪው «ፍሪ ኦፍ ቻርጅ» ያለ ክፍያ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አነጋገሩንስ? «ቻርጅድ» ስል ፈረንጆቹ ደግመው ይጠይቁኛል።
(አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ መጨረሻው ላይ አናባቢ ስለሚጨምሩ ይሆናል። «ቻርጅድ» አንድ ምት ነው፤ «ቻር-ጄድ» ተብሎ ለሁለት አይከፈልም። ምላስዎን «ጅ» ላይ አሳርፈው ሳይከፍቱ ወደ «ድ» ያንሸራቱ። «ቻርጂዝ» ግን በእርግጥ ሁለት ምት ነው፣ ምክንያቱም «ጅ» እና «ዝ» ያለ አናባቢ አብረው አይነገሩም። «ር»ን አሜሪካኖች ያሰሙታል፣ በደቡብ እንግሊዝ ያሉት ውጠው «ቻ»ን ያስረዝማሉ። ከ«ቼንጅ» እንዳይምታታብዎ ደግሞ አፍዎን በሰፊው ከፍተው «ቻ» ይበሉ፤ ገንዘብ ተቀባይ ፊት አንዱ ክፍያ ነው፣ ሌላው መልስ ወይም ዝርዝር። በቀን አምስት ጊዜ «ዜይ ቻርጅድ ሚ» እና «ዜይ ቻርጅድ አት ሚ» እያሉ ይለማመዱ፤ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «ድ» ከ«አት» ጋር ተጣብቃ «ቻርጅ-ዳት» ትመስላለች።